ጋሽ ደምለው አልጽፍም ያሉት ማመልከቻ

በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጥቼ ሳለ ዝናብ ሆጤ ሰፈር ላይ ያዘኝና ማመልከቻ ጸሐፊው ጋሽ ደምለው ከሚሠሩባት የላስቲክ ዳስ ሥር ተጠለልኩ። ከእኔ በፊት የደረሰ ሁዘይፋ የሚባል ወጣት ከሽማግሌው ጋር ይከራከራል። ሁዘይፋ በኮምቦልቻ የወጣቶች ማዕከል ኮምፒውተር ያስተምራል። ለደሴ ትምህርት ቢሮ ራሱ የጻፈውን ደብዳቤ ቢሮው «አጻጻፉ ሥርዓት የለውም» ብሎ ሁለት ጊዜ መልሶበታል። የጋሽ ደምለው ጽሑፍ ግን ተመልሶ አያውቅም።

«አልጽፍም አልኩህ እኮ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «መንግሥት የኮሌጅ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቶ ሰጠ። አንተ ደግሞ ውስጡን ገልጠህ አሳየኝ ልትለው ነው። ነገ ማን ጻፈልህ ሲሉህ ደምለው ልትል!»

«ጋሼ፣ የሰው ምስጢር አልጠየቅሁም። የምፈልገው ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ሶርስ ኮድ የሚሉትን ነው። ፕሮግራሙ የሚከፈተው በአንድ ዓይነት ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ማዕከላችን ያሉት አሥራ ሁለቱ ሌላ ዓይነት ናቸው። ኮዱን ቢሰጡን እኔና ጓደኞቼ አስተካክለን በእነሱም እንዲከፈት እናደርጋለን። አሁን ግን የደሴ ዙሪያውም የኮምቦልቻውም ልጅ እዚህ ቢሮ ባለችው አንዲት ማሽን ፊት ይሰለፋል።»

«ይሰለፋ! እኛስ ተሰልፈን አይደል ያደግነው?»

እውነት ለመናገር በዚህች ንግግር ደሜ ፈላ። የእኛ ሰው የተጉላላበትን ያህል ልጁ ካልተጉላላ ቅር ይለዋል። ጥያቄ ማቅረብን ከድፍረት ቆጥረን ስንት ዘመን አፋችንን ይዘን ኖርን!

«ደግሞም» ሲሉ ቀጠሉ ጋሽ ደምለው፣ «የመንግሥት ማሽን ለትጉህ ሰው እምቢ አይልም። የልጅ ልጄ ጽናት ባለፈው መስከረም ሦስት ቀን ወጥታ ገብታ፣ ኮምፒውተሩ አልሠራ ብሎ ቀኑ አለፈብኝ አለችኝ። ስትዞሪ ከርመሽ ነው፣ ውሸታም ብዬ ከቤት አስወጣኋት።»

ሁዘይፋ ደነገጠ። «መስከረም መጨረሻ ላይ?»

«አዎን።»

«ኧረ በአላህ፣ ጋሼ! እኔም እህቴን ቢልቂስን ይዤ ተሰልፌ ነበር። ማሽኗ ሦስቱንም ቀን ተበላሽታ ነበር። ፕሮግራሙን የሚከፍት ሌላ ኮምፒውተር ጠፍቶ ወላሂ ከሁለት መቶ በላይ ልጅ ሳይመዘገብ ተመለሰ። ልጅቱ አልዋሸችም።»

«አሁን ቤሩት ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች» አሉና ሽማግሌው ወረቀት ሳቡ።

ማመልከቻውን በዚያ በሚያምር እጃቸው ጻፉት። ኮዱ እንዲሰጥ በአክብሮት ጠየቁ፤ ባለመሰጠቱ ከተጎዱት መካከልም የጽናትን ስም ከነአባቷ አስገቡ። «ማን ጻፈው ካሉህ ደምለው በል» ብለው ሰጡት።

ቢሮው ሁዘይፋን ካመላለሰ በኋላ በነሐሴ ኮዱን ሰጠ። በመስከረም ምዝገባው በአሥራ ሁለቱም ኮምፒውተር ተጀመረ። የኮምቦልቻ ልጆች ደሴ ሳይወጡ እዚያው ተመዘገቡ፤ አንዱ ማሽን ቢበላሽ ወደሌላው ዞሩ፤ ፕሮግራሙ ውስጥ የነበረ ስህተትም ተገኝቶ ለቢሮው ራሱ ታረመለት። አንድ የተከፈተ ጽሑፍ ይህን ሁሉ ያደርጋል። ቢሮው ሁዘይፋ በጠራኝ ስብሰባ ላይ የራሱ ሐሳብ አድርጎ ሲያቀርበው አጨበጨብን፤ ምን ይደረግ!

ከስብሰባው ወጥተን ለጋሽ ደምለው ልናበስር ከሁዘይፋ ጋር ሄድን። ደስ አላቸው፤ መረቁት። እኔም «እንግዲህ ለጽናት ደውለው እውነትሽን ነበር ይበሏት» አልኳቸው።

«ስትሄድ የምትሠራበትን ቤት ስልክ ቁጥር ጽፋ ልትሰናበተኝ መጥታ ነበር» አሉኝ። «ወረቀቱን እፊቷ ቀደድኩት።»