ከአቶ የኔሰው ለአቶ የኔሰው

በዚህ ታሪክ አንዲት ፊደል ከጨመርኩ የበላሁት እህል ይፋረደኝ! ከቢቸና እስከ ሞጣ የእኔን ያህል እውነት የሚያወራ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ አንድ ማለዳ፣ የከብት መድኃኒት አከፋፋዩ አቶ የኔሰው ከቢቸናው ቢሯቸው ዘለው ወጡ። ላባቸው ቢጠራቀም ሰባት እንስራ ይሞላ ነበር። ደጃፉ ላይ የድርጅታቸውን የኔትወርክ ባለሙያ ትርሲትን ገፍትረው ሊጥሏት ምንም አልቀራቸውም። በእጇ ሦስት ጊዜ የመለሱባትን፣ የሌባ ኢሜይል የሚያጣራ «በረኛ» የማቆም ዕቅድ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ምን አገኘዎት?»

«ኢሜይል መጣልኝ።»

«ከማን?»

«ከእኔ!» አሉ። «ስሜም አድራሻዬም የእኔው ነው። እኔ ግን አልጻፍኩም! ሰው ሳይሞት ነፍሱ ደብዳቤ ትጽፋለች እንዴ፣ ልጄ? ‹የተያያዘውን ክፈት› ይለኛል።»

የትርሲት ፊት አመድ መሰለ። «ከፈቱት?»

«በየት በኩል ደፍሬ!»

«ተመስገን። ቢከፍቱት የሌባው ቫይረስ ገብቶ የሞጣው መጋዘን ኮምፒውተር ሳይቀር አብሮ ይቆለፍ ነበር። የተበላሸው ክትባት የትኛው እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ነው። መዝገቡ ከጠፋ ደህናውን ከገዳዩ ማን ይለየዋል?»

አቶ የኔሰው የሞጣ በሬ ሁሉ ቀንበሩን እንደተሸከመ ሲወድቅ ታያቸው። ቢሆንም የቅኔ ቤት ልጅ ናቸውና ሳይከራከሩ አይረቱም።

«ይሄ የኢሜይል በረኛ የምትይው ታዲያ፣ የግንደወይን ገበሬ ‹ከብቴ ታመመ› ብሎ ቢጽፍ ሌባ ነህ ብሎ ቢመልሰውስ? እንግዳ ከደጅ መመለስ ነውር አይደለም?»

«እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው፣ ጋሼ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ማንንም ሳይከለክል ይመለከታል፤ የጠረጠረውን ለእኛ ይነግረናል። ደንበኞቻችንን ከለየ በኋላ አጠራጣሪውን ማቆያ ያስገባል። የሞጣው መጋዘን ዘሚራና እኔ በየጠዋቱ እያየን ንጹሑን እንለቃለን። እስቲ እርስዎ ቅኔ ያውቃሉ፤ የዚህ ደብዳቤ ሰሙ ማን ነው?»

«እኔ።»

«ወርቁስ?»

«ሌባው» አሉ አቶ የኔሰው በሹክሹክታ።

«በረኛው ሰሙን ገፎ ወርቁን ያያል። በእርስዎ ስም መጥቶ ከእኛ ቤት ያልወጣውን አያሳልፍም።»

«አምጪው!» አሉና ዕቅዱን እዚያው ቆመው፣ በጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ።

በረኛው በቆመ በወሩ ሰባት ሺህ ሌባ ያዘ። የሞጣ ከብት ደህናውን ክትባት ተወጋ፤ የግንደወይን ገበሬም ደብዳቤው አንድ ቀን እንኳ አልዘገየበትም። እንግዲህ ስም አይቶ በር የሚከፍት ሁሉ ከአቶ የኔሰው ይማር፤ ብልህ ሰው ሳይጎዳ በምክር ይመለሳል።

የሞጣው መጋዘን ኃላፊ ዘሚራ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ አንብባ ወረቀቱን በቀስታ አጠፈችው።

«ያምራል» አለችኝ። «ግን ትርሲት ያን ቀን ቢቸና አልነበረችም፤ ሞጣ እኔ ጋ ነበረች። ጋሼም ከፍተውታል። ደህናው ከተበላሸው አልለይ ብሎን ክትባቱን በሙሉ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ዕቅዱን የፈረሙት ከዚያ ሲመለሱ ነው፤ እጃቸው ላይ አፈር ነበረ።»