ጠማሞቹን ገንቦዎች ያቀናሁ ዕለት

በእኛ ጊዜ ገንቦ ጠማማ ሆኖ ከወጣ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል እንጂ ሰው ተጠርቶ አያየውም ነበር። እውነቴን ነው፣ አትሳቁ! እኔ ጎንደር ሳለሁ ከእናቴ ጋር ሸክላ ስሠራ ነው ያደግሁት፣ እጄ ያውቀዋል። ታዲያ አምና እዚህ ሰፈራችን ቂርያት ሃዮቨል ያለው ሞዐዶን፣ ያው እኛ ሽማግሌዎቹ የምንሰበሰብበት ቤት፣ «ወደ ነገቭ በረሃ እንውሰዳችሁ» አለንና በአውቶቡስ ወጣን። እኔ አለሁ፣ ባለቤቴ ጋሼ ተገኘ አሉ፣ የምትመራን ኦርሊ አለች። ኦርሊ የእኛው አገር ሰው ልጅ ናት፣ ግን እዚሁ ነው የተወለደችው፣ እና አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቁጭ ይላል።

ደረስን። ትንሽዬ ከተማ ናት፣ ዙሪያዋ ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ አሁንም ድንጋይ። ድሮ የጦር ሰፈር ነበረች አሉ፤ መግቢያዋ ላይ አሮጌ ታንክ ቆሟል፣ አፈሙዙ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ወታደሩ ሲወጣላት ሠዓሊው፣ ሙዚቀኛው፣ ሸክላ ሠሪው በየመጋዘኑ ገባበት።

ታዲያ ጋሼ ተገኘ አንዱን መጋዘን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ይሄን እኔ ጠብቄዋለሁ!» አሉ። ለካ ሚሉኢም፣ ተጠባባቂ ጦር ማለት ነው፣ ሲጠሯቸው ሦስት ክረምት በዚያ ብርድ ጠብቀውታል። «ውስጡ ምን ነበረ?» አልኳቸው። «ምስጢር ነው።» «ለእኔ?» «ለእኔም!» አሉ።

ሌሎቹ ታንኩ ጋ ፎቶ ሲነሱ እኛ ሦስታችን ገባን። ውስጥ ዮናታን የሚባል ሰው አለ፣ ቀጭን፣ ጢሙ ሁሉ ጭቃ። ጠረጴዛው ላይ ሰባት ገንቦ፣ ገና እርጥብ። ወየው! አንዱ ወገቡ ተቆልምሟል፣ አንዱ አንገቱ ወድቋል፣ አንዱ ጎረቤቱን ተደግፎ ያንቀላፋል። ምስኪን፣ የሚያሳየው ሰው አላገኘም አልኩ በሆዴ። እሱ በዕብራይስጥ አንድ ነገር አለ፤ የእኔ ዕብራይስጥ ደግሞ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ቲማቲም ለመግዛት ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም። ኦርሊ ተረጎመችልኝ፦ «እማማ፣ እንደ ቤታችሁ ሁኑ አለ። በእጅ... መንካት ይቻላል።»

ልብ በሉ፣ እንደ ቤታችሁ ነው ያለችኝ!

ጋሼ ተገኘ ግን አላስቻላቸውም። «ጠይቂልኝ ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ምን ነበረ?» ብትጠይቀው ሰውየው ሳቀ። «ወንበር» አለ፣ «የተሰበረ ወንበር። ጓሮ ተከምሯል፣ ኑ ላሳያችሁ።» ወይ የጋሼ ፊት! «ወንበር? ሦስት ክረምት ለተሰበረ ወንበር?» እያሉ ተከትለውት ወጡ፣ ኦርሊም ተከተለች።

እና እኔ ብቻዬን ከገንቦዎቹ ጋር ቀረሁ። እጄን ውሃ ነከርኩ። አንዱን ወገቡን ያዝ አድርጌ አቀናሁት፣ ሆዱን አለሰለስኩለት፣ አፉን አዞርኩለት። ደስ አለኝ! ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስቱን አቁሜ ሰባተኛውን ላነሳ ስል ተመለሱ።

ሰውየው ጮኸ፣ ጮኾም መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ በደስታ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

«እማማ! ምን አደረግሽ... አደረጉ!» አለች ኦርሊ። «ነገ ኤግዚቢሽን አለው፣ እንዲሁ እርጥቡን! ጠማማ... እሱ ፈልጎ ነው! ገንቦዎቹ ወታደር ናቸው፣ እዚህ የጠበቁ፣ በጣም የደከሙ!»

የሰው ሥራ አበላሸሁ፣ በስተርጅናዬ! «እንደነበሩ ላጣምምለት» ብዬ አንዱን ጫን ባደርገው እጄ እንቢ አለኝ፣ ጭራሽ ይበልጥ ቀና። ሰውየው ይሄንን አይቶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ታዲያ ጋሼ ተገኘ፣ ስለ ወንበሩ አሁንም ተናደው፣ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ስድስቱን ቀጥ ያሉትን አዩ፣ ያቺን አንዷን ጠማማ አዩ። «ይኸው! ስድስቱ እኛ ነን፣ አዛዡ ሲመጣ። ይቺ ግን እኔ ነኝ፣ አዛዡ ሲሄድ!» ብለው አንገታቸውን ጥለው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ አፋቸውን ከፍተው አጠገቧ ቆሙ። ኦርሊ መተርጎም አቃታት፣ ሳቀች። ሰውየው ጋሼን አየ፣ ገንቦዋን አየ፣ እና ከዚያው ከተቀመጠበት በሳቅ ተንከባለለ።

እንደዚያው አድርጎ አሳያቸው። ስድስቱን በሰልፍ፣ ጠማማዋን ጫፍ ላይ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው፣ ወደደለት ብላ ኦርሊ ነገረችኝ። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም፣ እናንተ ትስቃላችሁ እንጂ።

እንዴት? ሰውየው ድጋሚ ቢጠራሽ ትሄጃለሽ ወይ ነው ያልሽኝ፣ አንቺ ጥግ ያለሽው ዘውዴ? ጠርቶኛል እኮ! ለከተማዋ በዓል ነይልኝ ብሏል። ግን በሩ ላይ «አትንኩ» የሚል በትልቁ ጽፎ ሰቅሏል አሉ፤ በዕብራይስጥ እንዳይመስልሽ፣ በአማርኛ!