የተዋሰ ሰው ራሱ ይመልሳል

አባቶቼ ካህናት፣ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ አባይነህ፣ የእትዬ የሺዓለም ልጅ ኤደን፣ የዶሮ ማነቂያና የፒያሳ ጎረቤቶቼ፣ ሁላችንንም ያጽናን። እኔ ዘገዬ ነኝ፤ የንባብ ቤቱ ጥበቃ። ንግግር አላውቅም፤ የማውቀው በር ላይ ቆሜ ቦርሳ መፈተሽ ነው። ግን ዛሬ ዝም ብል እትዬ ከዚህ ሳጥን ተነስተው ይቆጡኛል።

እትዬ የሺዓለም ማን ነበሩ? «የላይብረሪዋ ሴትዮ» ትሏቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት እዚያች ጠባብ ክፍል የተቀመጡት አቧራ ለማራገፍ መሰላችሁ? ልብ ወለዱን ወደ ኋላ ገፍተው የሕግ መጻሕፍቱን በሩ አጠገብ የደረደሩት እሳቸው ናቸው። «እትዬ፣ ይሄን ማን ያነበዋል?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ከዝናብ ሊጠለል የገባ ሰው» አሉኝ።

ደግሞም አነበበው! ምኞት፣ እስቲ እጅሽን አውጪ። አዎ፣ እሷ ናት። አርግዘሻል ተብላ ከኬክ ቤት የተባረረች ዕለት ከዝናብ ልትጠለል ገባች፤ ታለቅሳለች። እትዬ አይዞሽ እንኳን አላሏትም። የሠራተኛ አዋጁን ፊቷ ዘረጉና «መጀመሪያ አንብቢ፣ ስትጨርሺ ታለቅሻለሽ» አሏት። ጨረሰች። አላለቀሰችም። በማግስቱ አዋጁን በብብቷ ይዛ ኬክ ቤቱ ሄደች፤ ወር ሳይሞላ ሥራዋ ላይ ተመለሰች። ልጇ ይኸው አጠገቧ ቆሟል።

ደበሳይስ? ሰዓት ሠሪው ደበሳይ ሕገ መንግሥቱን ተውሶ ሲሄድ መንገድ ላይ ፖሊሶች ያዙት። ሦስት ቀን አለፈው፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ሚስቱ ሉዋም መጥታ ነገረችን። እትዬ ነጠላቸውን አጣፉ፣ የተውሶ ካርዱን ያዙ፣ «ዘገዬ፣ ተከተለኝ» አሉ። ጣቢያ ደረስን። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። እሳቸው ተረኛውን ፖሊስ ምን አሉት? «የንባብ ቤቱን ንብረት ልረከብ መጥቻለሁ።» መጽሐፉን አምጥቶ ሰጣቸው። አልቀበልም አሉ! «ደንባችን የተዋሰ ሰው ራሱ ይመልሳል ይላል። ሰውየውን አምጣልኝ።»

«እስረኛ ነው እኮ፣ እማማ!»

«እንግዲያው አንቀጽ አሥራ ዘጠኝን አንብብ። በአርባ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል ይላል። እስኪቀርብ እዚህ ነኝ» ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ! ምሳ ሳመጣላቸው ከተረኛው ጋር ተካፍለው በሉት፤ ጉድ እኮ ናቸው። በማግስቱ ደበሳይ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ተለቀቀ። ከዚያ የት ሄደ? ቤቱ? የለም፣ እኔ በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። መጽሐፉን በገዛ እጁ ሊመልስ መጣ።

አሁን ስሙኝ። እትዬ ሆስፒታል እያሉ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። ቦታው ለሌላ አገልግሎት ስለሚፈለግ የሕግ መደርደሪያው ሰኞ ይነሳል ይላል። አነበብኩላቸው። ደክሟቸዋል፣ ግን ሳቁ። «በሰው እጅ ያለ መጽሐፍ ከመዝገብ አይሰረዝም። መደርደሪያውም አይነሳም፤ ደንብ ነው። ካርዶቹን አምጣልኝ» አሉኝ። አመጣሁ። አንድ በአንድ ፈረሙባቸው። የሚዋሰውን ሰው ስም ብቻ ባዶ ተዉት።

ይሄን ማዳበሪያ ታያላችሁ? አርባ ሁለት መጽሐፍ አለበት። መጽሐፍ እንዳይወጣ ስፈትሽ የኖርኩት ሰውዬ ዛሬ ተሸክሜ ወጣሁ! የሚከሰኝ ይክሰሰኝ፤ አንቀጹን አውቀዋለሁ። ከቀብሩ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እቆማለሁ። ስማችሁን ጻፉ፣ ፈርሙ፣ ውሰዱ። ለጎረቤት አንብቡለት። ፈራችሁ? እኔም ፈርቻለሁ። ፈርተንም እንፈርማለን!

አርባ ሦስተኛው ካርድ ግን ባዶ አይደለም። «የሺዓለም» ይላል፤ የእጅ ጽሑፋቸውን አውቀዋለሁ። መጽሐፉን ኤደን ከትራሳቸው ሥር አግኝታ ትናንት አመጣችልኝ። «ጋሽ ዘገዬ፣ ላስረክብ» አለችኝ። አልቀበልም አልኳት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ግን አልተቀበልኩም።

እትዬ፣ ደንቡ የእርስዎ ነው። የተዋሰ ሰው ራሱ ይመልሳል። መጽሐፉ በስምዎ ነው፤ እርስዎ መጥተው እስኪመልሱ ድረስ መደርደሪያው አይነሳም። ሰኞ ለሚመጡት ይሄንኑ እነግራቸዋለሁ። በሰላም ይሂዱ እትዬ፤ እኔ በሩ ላይ ነኝ።