ክንፍ ያለው ጉማሬና የየኔታ እርማት

ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሥዕል ከማስተምርበት ኮሌጅ ወጥቼ በጣና ዳር ስሄድ፣ ጎረቤቴ የኔታ ፍሬ ስብሐት ከልጅ ልጃቸው ከሰብለ ወንጌል ጋር ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። የኔታ ብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው፤ እሷ ደግሞ በታብሌት የምናብ ሥዕል የምትሥል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ!» አሉኝ የኔታ፣ ሰላምታዬን ሳይመልሱ። «እስቲ ይህን ጉድ እየውና ፍረድ።»

ታብሌቱን ተቀብዬ አየሁት። አንድ ግዙፍ ጉማሬ ዘውድ የደፋች ሴት በጀርባው ተሸክሞ ከሐይቁ ወደ ደመናው ይበርራል። ከቆዳው የሚንጠባጠበው ውኃ ድንቅ ነበር። ክንፉ ግን የርግብ ክንፍ ያህላል፤ ያውም ከአንገቱ ሥር የበቀለ።

«እና ምን አሏት?»

«‹ይህ ሥዕል አይባልም፤ ጊዜሽን በከንቱ አትፍጂ› አልኋት። ሐሰት ተናገርሁ?»

«ይስሟቸው እንግዲህ!» አለች ሰብለ ወንጌል ወደ እኔ ዞራ። «ነገ ለዐውደ ርዕይ የማስገባው ነው። በቴሌግራም ያየው ሁሉ ‹አንደኛ!› ብሎልኛል። አበራ የሚባል የክፍላችን ልጅ ብቻ ‹ክንፉ አላሳመነኝም› አለ፤ ቅናት ስለሆነ ብሎክ አደረግሁት። አሁን ደግሞ አባባ! በቃ፣ አጠፋዋለሁ፤ ሁለተኛም አልሥልም።»

ልትቀማኝ እጇን ስትዘረጋ ታብሌቱን ከጀርባዬ ሸሸግሁት። ሁለቱም አንገሸገሹኝ። አንዱ ማረም ሲገባቸው ያፈርሳሉ፤ ሌላዋ የሚያርማትን ሁሉ ጠላት ታደርጋለች። በክፍሌም የማየው ይኸንኑ ነው፤ ውዳሴና ዘለፋ ሞልቶ፣ የሚጠቅም ቃል የሚሰጥም የሚቀበልም ጠፋ።

«የኔታ፣ ተማሪ ያልሰመረ ቅኔ ይዞ ሲቀርብ ‹ይህ ቅኔ አይደለም፣ ሂድ› ብለው ያባርሩታል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! እንዲያማ ከሆነ ማን ይማራል? ምሥጢሩን እጠይቀዋለሁ፤ የሰመረለትን ‹ይበል› እላለሁ፤ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበትንም አሳየዋለሁ።»

«ታዲያ የሰው ልጅ የሚያገኘውን የራስዎ ልጅ ለምን ተነፈገች?»

«ያ ቅኔ ነው፤ ይህ ክንፍ ያለው ጉማሬ ነው! እግዜር ያልፈጠረውን እንስሳ በምን ሕግ አርመዋለሁ?»

«ምናብም ሕግ አለው የኔታ። ጉማሬው በዓለም ባይኖርም፣ በሥዕሉ ውስጥ ሲበርር ተመልካች ማመን አለበት» ብዬ ታብሌቱን ሰጠኋቸው።

የኔታ ጢማቸውን እያሻሹ ሥዕሉን ዳግም አዩት። ከዚያ ወደ ሰብለ ወንጌል ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ምን ልትይበት ፈልገሽ ነው?» አሏት።

«የከበደ ነገርም መነሣት እንደሚችል፣ አባባ» አለች፣ ድምጿ ለስልሶ።

«እህ! ይህማ ምሥጢር አለው። ውኃውም እጄን የሚያረጥበኝ መስሎኛል። ግን ይህን የሚያህል ገላ በዚህች ክንፍ እንዴት ይነሣል? ንስር ክንፉ ከትከሻው ነው። ክብደቱን ካላሳየሽኝ መብረሩ በምን ይደንቀኛል?»

ሰብለ ወንጌል ፊቷን አጨፍግጋ ታብሌቱን ከእጃቸው ወሰደች።

«የተነቀፈው ክንፉ ነው፤ አንቺ አይደለሽም» አልኋት። «ሰው ሲያርምሽ ‹የቱ ጋ? ለምን?› ብለሽ ጠይቂ። ካመንሽበት አስተካክዪ፤ ካላመንሽበት አመስግነሽ ተዪው።»

«ዘውዷንም ቀይሪው» አሉ የኔታ ተደፋፍረው።

«ዘውዷን አልቀይርም።»

«እሺ፣ ባለቤቷ አንቺ ነሽ» ብለው ሣቁ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ክንፉን አጠፋችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከትከሻው የሚዘረጋ፣ እንደ ሸራ የሰፋ ክንፍ ሣለችለት፤ ሐይቁም ጉማሬውን አልለቅ ብሎ የሚጎትተው መሰለ። ለአበራም ብሎኩን አንሥታ ሥዕሉን ልካ «ሌላስ ምን ይጎድለዋል?» ብላ ጠየቀችው።

በዐውደ ርዕዩ ሰው ሁሉ እሥዕሉ ፊት ይቆም ነበር። እኔን ግን ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ ሌላ ነው። በቦታው የተሰነዘረ እርማት ሥራን ያቀናል፤ በቀና ልብ የተሰማ እርማት ባለሙያን ያሳድጋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ሽማግሌና ወጣት ይነጋገራሉ። ይህን ያየሁት የኔታ አንድ የማያውቁት ወጣት ከሣለው ባለ ሦስት ራስ አንበሳ ፊት በቆሙ ጊዜ ነው። ልጁ ስድብ ጠብቆ አንገቱን ደፋ።

«ልጄ» አሉት፣ «ምን ልታሳይ ፈልገህ ነው?»

ወጣቱ ቀና ብሎ አያቸውና ወንበር ሊያመጣላቸው ሮጠ።