ከእድር ያነሰ ከተማ

ከልደታ ሜክሲኮ በምሄድበት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ያለ አንድ የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ከጎኑ ለተቀመጡ እናት ያማርራል።

«ከተማው ነዋሪውን የሚያስከፍለውን ግብር የፌዴራል መንግሥት ሰዎች ከላይ ሆነው ሊገድቡበት ነው፤ ከዚህ አታሳልፍ ብለው።»

«እናንተስ ምን አላችሁ?»

«ተቃወምን እንጂ። የእርስዎ እድር መዋጮ ሲጨምር ማንን ያስፈቅዳል?»

«ማንንም። እኛው ተሰብስበን ነው።»

«ይኸው። ከተማ እንዴት ከእድር ያንሳል?»

«የኛ ዳኛ መዋጮ ያስጨመረን የተቀደደውን ድንኳን ዘርግቶ አሳይቶን ነው። ደጃችን ያለው ቦይ ክፍቱን ስንት ክረምት አለፈው፤ ማን ሰብስቦ አነጋገረን?»

«እሱ የኔ ሥራ አይደለም፣ እማማ።»

«እንዲህ የሚል የእድር ዳኛ ቢኖረን በሚቀጥለው እሑድ ነበር የምናወርደው።»

ባለፈው እሑድ ከእድር ስብሰባ መቅረቴ ትዝ አለኝና ሜክሲኮ ስንደርስ እናትየዋን ቀና ብዬ ሳላይ ወረድኩ።