መሃል ላይ ያለው ነጥብ

(በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል፣ የዶክተር ገብረየስ ቢሮ፤ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የቀድሞ ተማሪው ረድኤት የድጋፍ ደብዳቤ ልትጠይቅ መጥታ በሰሌዳውና በበሩ መካከል ትንጎራደዳለች።)

ገብረየስ፦ አልጽፍም አልኩሽ፣ አልጽፍም! ደግሞ ቁጭ በይ፤ ስትንጎራደጂ አዞርሽኝ እኮ።

ረድኤት፦ ዶክተር፣ ማመልከቻው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የቀረው የእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ገብረየስ፦ በተግባራዊ ሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ወጥተሽ፣ እኔም ለአዲሱ የመስኖ ፕሮጀክት ስምሽን ሰጥቼ፣ አሁን «ማስተርሴን በንጹሕ ሒሳብ ልማር» ትያለሽ? የእኛው ቆሻሻ መሆኑ ነው?

ረድኤት፦ ኧረ እንደሱ አላልኩም!

ገብረየስ፦ ታዲያ ምን ነካሽ? ያንቺ ስሌት እኮ ማሳ ያጠጣል። እዚያ ሄደሽ ምን ልታጠጪ ነው?

ረድኤት፦ ባለፈው ክረምት መሥሪያ ቤት የአንድ ቦይ ፍሰት ኮምፒውተር ላይ ሠራሁ። ግራፉ ልስልስ ብሎ ወጣ። አለቃዬ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ገብረየስ፦ ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?

ረድኤት፦ በኋላ ሳየው ያስገባኋቸው ሁኔታዎች እርስ በርስ ይጣረሳሉ። ከላይ የሚገባው ውሃ ከታች ከሚወጣው ይበልጣል፤ መሃል ላይ ደግሞ ጠብታ እንዳይጠራቀም አዝዣለሁ። መልስ የሌለው ጥያቄ ነው ዶክተር! ማሽኑ ግን መለሰልኝ። ያውም አሳምሮ።

ገብረየስ፦ ታርሚዋለሽ፣ ያልፋል። የማይሳሳት ማን አለ?

ረድኤት፦ አረምኩት። ከዚያ ወዲህ ግን መልስ ባገኘሁ ቁጥር «መጀመሪያውኑ መልስ ነበረው ወይ?» እላለሁ። ምሳ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ... ያን ማንም አላስተማረኝም።

ገብረየስ፦ ያላስተማርኩሽ እኔ ነኛ?

ረድኤት፦ እሱን እርስዎ ነዎት ያሉት።

ገብረየስ፦ ምላስሽስ ደህና ነው! ስሚ፤ እዚያ ከሁለተኛ ዓመት ልጆች ጋር አስቀምጠው እንደ አዲስ ነው የሚያስጀምሩሽ።

ረድኤት፦ ያስጀምሩኝ።

ገብረየስ፦ እሺ፣ ጠመኔውን አንሺ። ከዜሮ በታች ተነሥቶ፣ የትም ሳይቆረጥ ከዜሮ በላይ የደረሰ መስመር መሃል ላይ የግድ ዜሮን ይነካል። አረጋግጪልኝ። ካረጋገጥሽ እጽፋለሁ።

ረድኤት፦ ይሄ እኮ... ይታያል!

ገብረየስ፦ «ይታያል»! ንጹሕ ሒሳብ ልትማር የተነሣችው እሷ ናት!

ረድኤት፦ ይቆዩ፣ ይቆዩ። መንገዱን እኩል ለሁለት እከፍለዋለሁ። መሃሉ ላይ ዜሮ ከሆነ አለቀ። ካልሆነ፣ ከሁለቱ ግማሾች አንዱ ከታች ተነሥቶ ላይ ይደርሳል፤ እሱን ይዤ እንደገና ለሁለት። እንደገና። እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ አንድ ነጥብ ይቀራል። እዚያ ነጥብ ላይ መስመሩ ከታችም ከላይም ሊሆን አይችልም፤ ዜሮ ነው።

ገብረየስ፦ በቃ፣ አረጋገጥሽ። እኔም ስንት ዘመን እንዲሁ ነው ያስተማርኩት። ቆይ ኮምፒውተሩን ልክፈት፣ ሰዓቱ ሳይደርስ።

ረድኤት፦ (ወደ ሰሌዳው ተመልሳ የጻፈችውን እንደገና ታነባለች።)

ገብረየስ፦ ምነው? አመሰግናለሁ አይባልም?

ረድኤት፦ አይክፈቱት፣ ዶክተር።

ገብረየስ፦ ደግሞ ምን መጣ?

ረድኤት፦ «አንድ ነጥብ ይቀራል» አልኩ። ማን ነገረኝ? ስቆርጥ ስቆርጥ ሄጄ መጨረሻ ላይ በነጥቡ ቦታ ቁጥር የሌለበት ቀዳዳ ባገኝስ? የቦዩን ስህተት ደገምኩት፤ መልስ አለ ብዬ ተነሣሁ።

ገብረየስ፦ ልጄ፣ እኔ ተቀብያለሁ።

ረድኤት፦ እኔ አልተቀበልኩም።

ገብረየስ፦ ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ! በገዛ እጅሽ ልታበላሺው ነው?

ረድኤት፦ አውቃለሁ። ዳስተሩን ያቀብሉኝ።

ገብረየስ፦ እንኪ። አንቺ ቀዳዳሽን ድፈኚ፣ እኔ ደብዳቤውን ልጻፍ። ለፕሮጀክቱ... ሌላ ሰው እፈልግላቸዋለሁ።