አምስተኛው ቁራሽ

ጠዋት እንደ ወትሮዬ ደረጃውን ጠርጌ ዳቦ ልገዛ ስወርድ፣ የሟች ባለቤቴን ታላቅ ወንድም በሩ ላይ አገኘኋቸው። ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። የገመድ አልባ ኔትወርክ መሐንዲስ የሆነችው ልጃቸው አጠገባቸው ቆማለች።

«ደህና አደሩ ጋሼ?»

«ምን ደህንነት አለ እህቴ! ኔትወርኩ ያሾፍብኛል፣ ልጄ ታግዘዋለች።»

ባለቤታቸው መስማት አይችሉም፤ ሁለቱ የሚነጋገሩት በእጅ ምልክት ነው። ያን ሰሞን ባለቤታቸው የድሮውን የቤተሰብ ቤት ሊያስረክቡ ሌላ ከተማ ሄደው፣ ዕቃውን በቪዲዮ እያሳዩ «ይቀመጥ ወይስ ይሸጥ?» ይሉ ነበር። እኔ የለመንኩት የባለቤቴ የሥራ ጠረጴዛ እንዲቀመጥልኝ ብቻ ነው።

«አባዬ» አለች ልጅቱ፣ «ቪዲዮው በአየር የሚላከው ተቆራርሶ ነው፤ አንዳንዱ ቁራሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ለየአራቱ ቁራሽ ድምራቸውን የያዘ አምስተኛ እንጨምር። የአራት ቁጥሮችን ድምር ካወቅክ፣ አንዱ ቢጠፋ ከሦስቱ አስልተህ ታገኘው የለ? ስልኩም እንደዚያ ይሞላዋል።»

«ምንም ያልጠፋ ጊዜስ አምስተኛው ምን ይሠራል?»

«ምንም።»

«ይኸው! ለምንም ብለሽ የእናትሽን ፊት ታደበዝዥብኛለሽ።»

እውነት አላቸው፤ ለትርፉ ቦታ ሲለቀቅ የምስሉ ጥራት ይቀንሳል። ማንን መደገፍ እንደሚገባኝ ጠፋኝ።

«እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ» አሉ። «ያልሰማነውን ‹ድገም› እንላለን፣ ይደግማል፣ አለቀ።»

«ለመልእክት ጥሩ ነው። የእማዬ እጅ ግን አይጠብቅም። የተደገመው እስኪደርስ ሌላ ነገር ብሏል። ስልኩም የዘገየውን ጥሎ ክፍተቱን በቀድሞው ምስል ይሸፍነዋል።»

«ገመና የሚሸፍን ስልክ! ምን ከፋሽ?»

ስልኩ ጠራ። ባለቤታቸው መስኮቱ ሥር ካለው የባለቤቴ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ታዩ፤ ፊታቸው ጥርት ብሏል። በእጃቸው «ይቀመጥ?» አሉ። ጋሼ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሰው ደጋግመው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የባለቤታቸው እጅ ግን አልወረደም፤ ዓይናቸውም አልተርገበገበም።

«አባዬ፣ ምስሉ ቆሟል!»

መስመሩ ተቋረጠ። «ነቅንቄያለሁ እኮ!» «መቼ?» «አሁን!» እያሉ አባትና ልጅ ሲጨቃጨቁ ቆይተው መስመሩ ሲመለስ፣ ከባለቤታቸው ጀርባ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሼ በእጃቸውም በአፋቸውም ጮኹ። መልሱን ልጅቱ ተረጎመችልኝ፤ «‹ይቀመጥ?› አልኩ፣ ዝም አልክ። ‹ይሸጥ?› ስል ነቀነቅክ። በር ላይ ቆሞ የነበረው ገዢ ጠረጴዛውን ጭኖ ሄደ።»

ገዢው መንገደኛ ነበር፤ ስሙንም አልጠየቁት።

ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «አምስተኛው ቁራሽ ቢኖርስ ኖሮ?»

«ብዙ ቢጠፋ እሱም አያድንም። መጀመሪያ የጠፋው ግን ትንሽ ነበር፤ እጇ ሲለወጥ ታየው ነበር።»

«እንግዲያው አድርጊው። ፊቷ ይደብዝዝ፣ እጇን ልይ።»

አደረገችው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ሲንገዳገድ እንኳ ስለ ወንበሩም፣ ስለ ቁም ሣጥኑም፣ ስለ መጻሕፍቱ ሣጥንም ያለ ስህተት ተጠየቀ፣ መልስም ተሰጠ። ሁለቱም በየመሐሉ መሳቅ ጀመሩ። ትርፍ የመሰለን ነገር ሥራው ለካ ይህ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ካልተላከ ከየትም አይመጣም።

«ይቅር በይኝ እህቴ» አሉ ጋሼ።

«ዕቃ ነው ጋሼ» አልኩ።

ባለቤታቸው ስልኩን እያዞሩ ክፍሉን አሳዩን። ደብዘዝ ይላል፣ ግን ሁሉም ይታያል። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው የለም።